ገመዱን ማን ይዞታል?

ትናንት ሌሊት እንዳሻው በሕልሙ ከብት ተራ መካከል ቆሞ፣ «ኧረ ተሳስታችኋል! እኔ ገዢ ነኝ እንጂ ሻጭ አይደለሁም!» እያለ ይጮኽ ነበር።

«ሻጭ ማን አለህ?» አለው መነጽር ያደረገ ቀይ በሬ። «የምትሸጠው አንተው ነህ። በል አፍህን ክፈት።»

እንዳሻው አፉን የከፈተው ለስድብ ነበር። በሬው ግን የተከፈተ አፍ አያሳልፍም፤ ሰኮናውን ሰደድ አድርጎ ጥርሱን ዳበሰና ወደ ጓደኛው ዞረ።

«ጥርሱን ጨርሷል። ለእርሻ አይሆንም።»

«ለሥጋስ?»

«ምኑን?»

የእንዳሻው ደም ፈላ። ዙሪያውን ቢያይ ገበያው የሰው ገበያ ሆኗል። ሰው በተርታ ታስሮ ቆሟል፤ በሬዎች ጋቢ ደርበው፣ በጎች ዣንጥላ ይዘው ዋጋ ይጠይቃሉ። አንድ ባጃጅ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ አላፊውን ሁሉ ይመርጣል። ከእንዳሻው ጎን የታሰረው አንድ ከረባት ያደረገ ሰውዬ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ፣ «አንተን እንኳ አፍህን አዩህ፤ እኔን በደርዘን ነው የጠየቁኝ» አለው።

ሕልም ከባዶ ሜዳ አይመጣምና፣ ነገሩን ላልሰማ ሰው ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

እንዳሻው ሶፋ ሠሪ ነው፤ እዚሁ አዳማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። እጁ የተባረከ ነው፣ አፉ ቁጡ ነው፣ ልቡ ደግሞ እንደሚሠራው ሶፋ ነው፤ የተቀመጠበት ሁሉ ይሰምጣል። የቤት አከራዩ ኪራይ ሲጨምሩበት፣ ሲጨምሩበት፣ በመጨረሻ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» አሉት። የዚያን ቀን ተቆጥቶ፣ ማንም ተነሥቶ ውጣ የማይለው ቤት ካልገዛ ስሙ እንዳሻው እንዳይባል ማለ። ሚስቱ ስንቅነሽ «ቦታውስ?» ብትለው፣ «ቦታ አያስፈልገውም፤ ጎማ አለው» አላት።

መኪናዋ ነጭ ናት፣ ረጅም ናት፤ ከውስጧ አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ እጅ መታጠቢያና ቁም ሳጥን አላት። ወንድይፍራው የሚባል ሰው ቱሪስት ወደ ደቡብ አመላልስባታለሁ ብሎ በባንክ ብድር የገዛት ናት። ቱሪስቱ ቀረ፤ ብድሩ ግን አልቀረም። ይህን ብድር ያን ጊዜ ከወንድይፍራውና ከባንኩ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እንዳሻው ደግሞ የበሬ ነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ በሬ እንዴት እንደሚገዛ አስተምረውታል፤ መኪና እንዴት እንደሚገዛ ግን አላስተማሩትም። ስለዚህ መኪናዋን እንደ በሬ ገዛት። ጎማዋን በእግሩ መታ። ጎኗን በመዳፉ ጠብ ጠብ አደረገ። አፏን አስከፈተ፤ ኮፈኗን ማለት ነው። ወደ ፊት አስኬዳት፣ ወደ ኋላ አስኬዳት። ደላላው ዳኘ መሪውን ይዞ፣ «ይኸው ሶምሶማዋ!» እያለ ሜዳውን አዞራት። መጨረሻ ላይ እንዳሻው፣ «ሊብሬዋስ?» አለ።

«ሊብሬዋማ» አለ ወንድይፍራው ፈገግ ብሎ፣ «አስተማማኝ ቦታ ነው የተቀመጠችው።»

እንዳሻው በዚህ መልስ ደስ አለው። «ጠንቃቃ ሰው ነህ» አለው፤ ለስንቅነሽም አወራላት። ዳኘ «ስም ማዛወሩ ይደርሳል፣ ለጊዜው በውክልና ያዛት፤ ማን በስሙ ይነዳል?» አለ። ውክልና ተጻፈ፣ ምስክሮች ቆሙ፣ «ይባርክልህ» ተባለ፣ «አሜን» ተባለ። የስንቅነሽ ወርቅና ትልቁ የስፌት ማሽን ወደ ወንድይፍራው ኪስ ሄዱ። አባቱ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ልጄ፣ በሬውን ከማየትህ በፊት ገመዱን ማን እንደያዘ እይ» ይሉት ነበር። መቼም የአባት ምክር የሚታወሰው ከጉዳት በኋላ ነው።

ሊብሬ ከሌለ ዓመታዊ ምርመራ የለም፣ ምርመራ ከሌለ ቦሎ የለም፣ ቦሎ ከሌለ መንገድ የለም። ስለዚህ መኪናዋ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እንደቆመች ቀረች፤ ባትሪዋም እዚያው ሞተ፤ ባልና ሚስቱም እዚያው ገብተው ኖሩባት። እንዳሻው ሚስቱን፣ «አንድ ቀን ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ወስጄ ቁርስ አበላሻለሁ» ብሏት ነበር። ስንቅነሽ በየጠዋቱ ቢጫ መጋረጃዋን ገልጣ ታይና፣ «ሐይቁ ዛሬም ወፍጮ ቤት ይመስላል» ትላለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ደወለች። ድምፅዋ ማር ነው።

«ስለ ነጯ መኪና ነበር። አሁን የምትገኘው የት ነው?»

ለእንዳሻው ሙሽራ መሰለችው፤ ለጫጉላ መከራየት ፈልጋ። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ መጋረጃዋ ቢጫ ነው፤ በግራ በኩል ትልቅ ድንጋይ አለ፣ እሱን እንዳትገጩት። በጠዋት ከመጣችሁ አለን። እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ!»

«አመሰግናለሁ» አለች ልጅቷ። «ሊብሬዋ በመያዣ እኛ ጋ ናት፤ የብድር ክፍያው ስለተቋረጠ ነገ ጠዋት የባንካችን ሠራተኞች መጥተው ይረከቧታል። ስለ አቅጣጫው በጣም ነው የማመሰግነው፤ ብዙ ሰው እንደዚህ አያስረዳም።»

ከዚያ በኋላ እንዳሻው የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ወንድይፍራው ጋ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። የተቀረጸችው ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ስትለው፣ «እኔስ ምን አልኩ!» ብሎ ጮኸባት። የወንድይፍራው ሱቅ ሄደ፤ ተዘግቷል። ዳኘ ጋ ሄደ፤ ዳኘ ለቅሶ ሄዷል። ማታ ትልቅ ዱላ ይዞ የመኪናዋ በር ላይ ተቀመጠና፣ «ነገ የሚነካት ካለ ሬሳዬን ተራምዶ ነው!» አለ።

«ሬሳህን እስኪራመዱት ድረስ ጋቢ ልበስ» አለችው ስንቅነሽ፣ «ብርድ ነው።»

ጋቢው ሞቀው። ዱላውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ ውስጥ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ አንቀላፋ። ከብት ተራ የገባው በዚህ በኩል ነው።

በሬዎቹ ትተውት ሲሄዱ፣ ዳኘ ደላላው አለንጋውን እያወዛወዘ ደረሰ። በዚያ ዓለም ሁሉ ነገር ተገልብጦ ሳለ ያልተገለበጠው ዳኘ ብቻ ነበር፤ ደላላ በሕልምም ደላላ ነው።

«ጋሼ፣ ቀና በል፣ ደረትህን ንፋ! ደህና ገዢ አመጣሁልህ!»

ሕዝቡ ሁለት ቦታ ተከፈለና ነጯ መኪና መጣች። ቢጫ መጋረጃዋን እንደ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በአራት ጎማዋ ቀስ እያለች፣ እንደ ባለጠጋ ባልቴት ግራና ቀኙን እየገላመጠች። እንዳሻው አወቃት። ገንዘቡን የከፈለባት ራሷ ናት። ሊጮኽባት አሰበና ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

መኪናዋ ሰላምታውን አልመለሰችም። የፊት ጎማዋን አንሥታ ቅልጥሙን መታችው፤ ልክ እሱ እንደመታት። ጎኑን በበሯ ጠብ ጠብ አደረገች።

«አንድ እጅ ነው!» አለ ዳኘ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ አንዲት ሴት ብቻ ናት የነዳችው። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት። ገጠር አልወጣ፣ ጭነት አልጫነ!»

ስንቅነሽ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ድስት ይዛ ከጎኑ ቆማ ነበር። «እኔ ደግሞ መቼ ነዳሁት?» አለች። «ስገፋው ነው የኖርኩት።»

«አንቺ ደግሞ ገበያ ታበላሻለሽ!»

«ያስላል?» አለች መኪናዋ።

«ጠዋት ሲነሣ ብቻ ነው። ከሞቀ በኋላ ድምፁ አይሰማም።»

«አረቄ?»

«በመቶ ኪሎ ሜትር አንዲት መለኪያ!»

«ወደ ኋላ ይሂድልኝ።»

«አልሄድም!» አለ እንዳሻው። እግሮቹ ግን አልሰሙትም፤ ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ይባስ ብሎ ከአፉ «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ» የሚል ድምፅ ይወጣ ነበር። ንዴቱ ጆሮውን አቃጠለው። አባቱ በዚህ ገበያ ስንት ሰንጋ የሸጡ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ዛሬ ጥርሱ ሽቦ በሆነ ራዲያተር ፊት ጢጥ ይላል!

ስንቅነሽ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ዝም በል እንጂ አንተ ሰውዬ። ከገዛችህ ይዛህ ትገባለች። አንተ ከገባህ እኔም እገባለሁ። ቤት አገኘን ማለት አይደለም?»

እንዳሻው ይህን አላሰበውም ነበር። እውነቷን ነው። ደረቱን ነፋ፣ ሆዱን አስገባ፣ የተነቀሉት ጥርሶቹ እንዳይታዩ በአንድ በኩል ፈገግ አለ። በመሸጡ የተናደደው ሰውዬ አሁን እንዳይሸጥ መፍራት ጀመረ።

በዋጋው ተስማሙ። ዳኘ መኪናዋን በመስተዋቷ፣ እንዳሻውን በእጁ ይዞ ሊያጨባብጣቸው ሲል እሷ ድንገት ፍሬን ያዘች።

«ገመዱን ማን ይዞታል?»

ያን ጊዜ ነው እንዳሻው አንገቱ ላይ ገመድ እንዳለ ያየው። ገመዱ ከአንገቱ ተነሥቶ፣ በሰዉ እግር መካከል ተስቦ፣ ከገበያው ወጥቶ ይሄዳል። መጨረሻው አይታይም።

«ገመዱማ» አለ ዳኘ ፈገግ ብሎ፣ «አስተማማኝ ቦታ ነው የተቀመጠው።»

ይህን ቃል ሲሰማ እንዳሻው የሚይዘውን አጣ። «ይህን ነገር ሰምቼዋለሁ! ይህን ነገር ሰምቼዋለሁ፣ አንተ ውሻ!» ብሎ ዳኘ ላይ ሊዘልል ሲል ገመዱ አንገቱን ያዘው።

መኪናዋ ግን አልተናደደችም። «እኔ እንደ ሰው ሞኝ አይደለሁም» አለች። «ገመዱን ሳላይ አልገዛም። ምራኝ።»

ገመዱን ተከትለው ሄዱ። እንዳሻው ከፊት፣ ስንቅነሽ ድስቷን ይዛ ከመካከል፣ መኪናዋ ከኋላ። መንገዱ ላይ ሰዎች መኪኖቻቸውን አዝለው ይሄዱ ነበር፤ አንድ ወዛደር አይሱዙ በጀርባው ተሸክሞ፣ «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ!» ይላል። ቤቶች ደግሞ ተከራይ ፍለጋ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ያ እንዳሻው የወጣበት ቤት ሳይቀር ጣራውን እንደ ባርኔጣ አውልቆ ቀረበው።

«ወንድሜ፣ ተመለስ። ኪራዩን እኔ ልክፈልህ።»

«ምነው አሁን?»

«የአከራይህ ልጅ ገብቶብኝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጊታር ይመታብኛል።»

እንዳሻው እሺ ሊል ነበር፤ ገመዱ ግን ጎተተው። ቀና ሲል ሰማይ ላይ ላሞች ይግጣሉ። ስንቅነሽ በጣቷ ጠቆመች።

«ያቺ ቦቃዋ የኛ ናት።»

«ታዲያ ወተቷስ?»

«እሱን እንጃ።»

ገመዱ ባንክ ደጃፍ አደረሳቸው። ከውጭ በጠራራው ፀሐይ፣ ከረባት ያደረጉ ሥራ አስኪያጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ከመስኮቱ ውስጥ የተቀመጡት ደግሞ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ከሰል ሻጯ እማማ ትርንጎ ከመስተዋቱ ጀርባ ሆነው ቆሎ ይቆረጥማሉ። አንድ ሥራ አስኪያጅ ጎንበስ ብሎ ተማጠናቸው።

«እናቴ፣ ጠዋት ነው የመጣሁት። ልጆች አሉኝ።»

«ሲስተም የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

«ነገ ተመለስ። ኮፒ ይዘህ ና።»

«የምን ኮፒ?»

«የራስህን። ሁለት።»

ሰውየው እንባውን በከረባቱ ጠረገ። እንዳሻው በሕይወቱ ስንት ጊዜ ተናዶ ከዚያ መስኮት ውጭ እንደቆመ አስታወሰና ትንሽ ደስ አለው። ደስታው ግን አልቆየም። ገመዱ በሰልፉ መካከል አልፎ፣ ወለል ላይ እግሯን አጣጥፋ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጅ ላይ ተጠምጥሞ አገኘው። አፏን ስትከፍት ድምፅዋ ማር ነው።

«እንኳን ደህና መጡ። በጣም ጥሩ አቅጣጫ ነበር የሰጡኝ።»

«ፍቺልኝ!»

«ዕዳዎን ሲከፍሉ ይፈታል።»

«ከማን ነው የተበደርኩት? ከማንም አልተበደርኩም! ከአምስት ሳንቲም ጀምሮ የሰው ገንዘብ በልቼ አላውቅም!»

«ገንዘብ አላልኩም። አቶ ወንድይፍራውን አምነዋቸዋል። እሳቸው ከስሰውዎታል፤ ሽማግሌዎቹ ፍርድ ጨርሰው እየጠበቁዎት ነው።»

«ማን? እሱ? እሱ ነው የከሰሰኝ?»

መኪናዋ ከኋላ ጥሩምባዋን ነፋች። «ቶሎ በል» አለችው፣ «ሌላ የማየው ሰው አለኝ።»

ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር አልነበሩም፤ ዋርካው ነው ከሽማግሌዎቹ ሥር የነበረው። ጫፉ ላይ እንደ አሞራ ተደርድረው፣ ቁልቁል ይመለከታሉ። ወንድይፍራው ከግንዱ ሥር ተንበርክኮ ያለቅሳል። ትልቁ ሽማግሌ ገና እንዳሻውን ሲያዩ ፍርዱን አነበቡ።

«አንድ ሙክት ትክሳለህ። ጉልበቱንም ትስማለህ። አሁን ክሱ ይሰማ።»

«ክሱ ሳይሰማ ነው የምትፈርዱብኝ?»

«ከሰማን በኋላማ ማንም ይፈርዳል።»

ወንድይፍራው አፍንጫውን ጠራርጎ ተነሣ። «አባቶቼ፣ እኔ ተበድያለሁ። ይህ ሰው ዐይኔን እያየ አመነኝ። አንዴ ጠይቆ ተወኝ። ሁለተኛ ቢጠይቀኝ እናገር ነበር፤ አንደበቴ ላይ ደርሶ ነበር! ‹ጠንቃቃ ሰው ነህ› ብሎ አፌን ዘጋው። እኔ ሌባ አልነበርኩም፤ እሱ ነው ያደረገኝ።»

ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይ ሰው! አይ ጭካኔ!» አሉ። አንዱ ጋቢውን ወደ ታች ጣለለት፣ እንዲለብስ።

እንዳሻው ዕድሜውን ሙሉ የተናደደው ንዴት ተጠራቅሞ በአንዴ መጣበት። የስንቅነሽ ወርቅ ታየው። ያ ማሽን ታየው፤ ሃያ ዓመት ሰርግ ቤት ሁሉ የተቀመጠበትን ሶፋ የሰፋበት። እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋና፣ «ድራሽህ ይጥፋ!» ሊል አፉን ከፈተ።

«ዘርህ ይብዛ!» አለ።

«አሜን!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

እንዳሻው በገዛ አፉ ደነገጠ። በዚያ አገር እርግማን ምርቃት ሆኖ ነበር የሚወጣው። «ቤትህ ይፍረስ» ሊል ፈለገ፤ «ቤትህ ይሙላ!» አለ። «መብረቅ ይምታህ» ሊል ፈለገ፤ «የነካኸው ይለምልም!» አለ። በተናደደ ቁጥር ምርቃቱ ይረዝማል፤ «ዕድሜ ከጤና ይስጥህ፣ ከሰው መሐል አያጉድልህ፣ ልጆችህ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልህ!» እያለ አረፋ ደፈቀ። ወንድይፍራው በያንዳንዱ «አሜን» ይወፍር ጀመር። ጉንጩ ሞላ፣ ሆዱ ወጣ፣ ጣቶቹ ላይ ቀለበት በቀለበት ሆነ። አንዱን ቀለበት እንዳሻው አወቀው፤ የስንቅነሽ ነው።

«በቃህ እንጂ!» አለች ስንቅነሽ። «ልታበለጽገው ነው?»

እንዳሻው አሰበና ብልሃት መጣለት። እርግማን ምርቃት ሆኖ ከወጣ፣ ምርቃት እርግማን ሆኖ ይውጣ! ጥርሱን ነክሶ፣ እየመረረው፣ «ተባረክ!» ለማለት አፉን ከፈተ።

«እርጉም ሁን!» አለ፤ ድምፁ ዋርካውን አናወጠው።

«ነውር!» ብለው ጮኹ ሽማግሌዎቹ። «በሽምግልና ፊት! ሙክቱ ሁለት ይሁን!»

«እሱ ያልኩት ተባረክ ነው!»

«ሰምተናል፣ ሰምተናል።»

መኪናዋ ይህን ሁሉ በመስተዋቷ ስታይ ቆይታ ሞተሯን አስነሣች። እንዳሻው ዘወር ሲል መሪዋን ስትጠመዝዝ አያት። ሽማግሌውም፣ ወንድይፍራውም፣ ሙክቱም ከልቡ ጠፉ።

«እትዬ፣ የት ይሄዳሉ?»

«አልፈለግኩህም። ገመድህ የብዙ ሰው እጅ ላይ ነው።»

«እባክዎ ይግዙኝ!» አለ። ሲሸጥ ተቆጥቶ የነበረው ሰውዬ ጎማዋን አቅፎ ተንበረከከ። «በርካሽ ይውሰዱኝ። በነጻ ይውሰዱኝ! ሶፋዎን አድሳለሁ፣ መጋረጃዎን እሰፋለሁ። እኔ ብቀር ግድ የለም፤ ስንቅነሽን ያስገቧት፤ እሷ ዕዳ የለባትም።»

መኪናዋ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ ስንቅነሽን አየቻት፣ ከዚያ እሱን። ልትራራለት ነው ብሎ እንዳሻው ጎማዋን አጥብቆ ያዘ።

«እኔም እኮ የራሴ አይደለሁም» አለች ቀስ ብላ። ወደ ፊቷ በመብራቷ አመለከተችው። ከአፍንጫዋ ሥር ወፍራም ሰንሰለት ወጥቶ፣ መንገዱን ይዞ፣ አቧራው ውስጥ ገብቷል።

«ማነው የያዘው?» አለ እንዳሻው።

መልስ ሳትሰጠው ሰንሰለቱ ተወጠረ። የሱም ገመድ አብሮ ተወጠረ። ዋርካው፣ ሽማግሌዎቹ፣ ባንኩ፣ በሰማይ ያለችው ቦቃ ላም ሁሉ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመሩ። ጭንቅላቱ በኃይል ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ፤ ነቃ።

የተጋጨው ከቁም ሳጥኑ ነው። ነግቷል። ዱላው ወለል ላይ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል። ማንኪያዎቹ ይንጫጫሉ፣ ጣሪያው ይወዛወዛል። በመስኮቱ ሲያይ ወፍጮ ቤቱ ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ትልቁ ድንጋይ በግራ በኩል በሰላም አለፈ፤ አልገጩትም። ከፊት፣ ቢጫ መብራት የሚያበራ ጎታች መኪና የመኪናዋን አፍንጫ በሰንሰለት አንጠልጥሎ ወደ አስፋልቱ ይወጣል።

እንዳሻው በጋቢው ሆኖ ግማሽ ሰውነቱን በመስኮት አወጣ።

«ቁሙ! ቁሙ እናንተ ሌቦች! ሰው አለበት! ኧረ ሰው አለበት!»

ከጎታቹ ጋቢና አንድ መነጽር ያደረገ ሠራተኛ አንገቱን አወጣና የያዘውን ወረቀት አየት አደረገ።

«አባቴ፣ እኛ ጋ ያለው ዕዳ አለበት ነው የሚለው። ሰው አለበት አይልም።»

«እኔ ገዝቻታለሁ! ገንዘቤን ከፍዬ፣ በምስክር! ጠይቁ፣ ወንድይፍራውን ጠይቁት! ድራሹ ይጥፋ! ቤቱ ይፍረስ! መብረቅ ይምታው!»

አሁን በትክክል ነበር የሚወጣለት፤ አንድም ቃል አልተገለበጠም። ግን «አሜን» የሚል አልነበረም። ሠራተኛው አንገቱን መልሶ አስገባ። ደጃፍ ላይ የቆምነው ጎረቤቶች ከአፋችን የጥርስ መፋቂያ ሳናወጣ ዐይናችንን አፍጥጠን ቀረን፤ መኪናዋ በእኛ ፊት ቢጫ መጋረጃዋን እያውለበለበች አለፈች።

እንዳሻው ወደ ውስጥ ተመለሰ። ስንቅነሽ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ የትናንቱ ሽሮ እንዳይደፋ ድስቱን በሁለት እጇ ደግፋ፣ በመስኮቱ የሚያልፈውን ከተማ ትመለከታለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ? ጩኺ እንጂ! ቤታችንን ይዘውብን እየሄዱ ነው እኮ!»

ስንቅነሽ ከመስኮቱ ዐይኗን አላነሣችም።

«ተወኝ እስቲ፤ ከገዛናት ገና ዛሬ ሄድንባት።»